ያልቀመስኩት ሳሙና

በዚያ ዓርብ ጠዋት ሳሙና ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ባንቻየሁ ከግማሽ በርሜል በተሠራው ድስት አጠገብ፣ ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ እንደ ምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። ኃላፊያችን ጓድ አስማረ መፈክር ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ወረቀት ይዞ ቆሟል። እማማ ውዴ ከበሩ በስተውስጥ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። እኔ ከሚዛኑ ኋላ ነበርኩ። በመካከላችን መሬቱ ላይ ሳሙና የሞላባቸው አሥራ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል። ደጅ ላይ የሚጭናቸው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከተማው ዳንግላ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ነገሩ ሁሉ የመጣው በጾሙ ምክንያት ስለሆነ ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ።

ሳሙና ቤቱ የሴቶች ማኅበር የከፈተው ትንሽ ማምረቻ ነው። ሥራ የጀመርነው ከጥምቀት በኋላ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ሁለት ሳምንት አስተምሮን፣ በታይፕ የተመታ ሦስት ገጽ ወረቀት ትቶልን ሄደ። ወረቀቱን ማንበብና መመዘን የእኔ ሥራ ሆነ። ከሴቶቹ መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሥጋ ቤት የሚመጣው ሞራ ይቀልጣል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ይመዘናል። ጥቂት የኑግ ዘይት ይጨመርበታል። ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው ነጭ ነገር ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ያንን የተሳሳተ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። እሳት ሳይነካው በራሱ ይግላል። ከዚያ ቀስ ተብሎ ሞራው ላይ ይንቆረቆራል፤ ባንቻየሁም የማማሰያዋ ዱካ ላዩ ላይ ታትሞ እስኪቀር ድረስ ታማስላለች። ገንፎ ሲመስል ጨርቅ በተነጠፈበት የሣንቃ ሣጥን ውስጥ ይገለበጣል፣ በጆንያ ይሸፈናል። ሲረጋ በሽቦ ይቆረጥና ቀርቀሃ ቆጥ ላይ ሦስት ሳምንት ይደርቃል። ቀርቀሃው የሚመጣው ከኮሶበር ነበር፤ እንጅባራን በዚያን ጊዜ እንዲያ ነበር የምንላት።

ሞራውና ሶዳው ልካቸውን ከጠበቁ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ሳሙና ነው። ሞራው ካነሰ ግን ሶዳው ይተርፋል። የተረፈ ሶዳ ቆዳ ይልጣል። አሠልጣኙ ለዚህ የሚሆን ጠብታ ሰጥቶን ነበር፤ ሳሙናው ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሮዝ ከሆነ ሶዳ ተርፏል ማለት ነው። ጠብታው በወሩ አለቀ። «ሲያልቅ የምላስ ጫፍ ይበቃል» ብሎን ነበር። ደህናው ሳሙና ምላስ ላይ ምንም አያደርግም፤ ሶዳ የተረፈው ግን እንደ ንብ ይናደፋል።

ቀማሿ እማማ ውዴ ሆኑ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ባላቸው የሞተ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ከጠብታው አይተናነስም። ማክሰኞና ሐሙስ ይቀምሳሉ። ረቡዕና ዓርብ አይቀምሱም፤ ሞራ ነውና። በዚህ ተስማምተን ቆየን።

ሁዳዴ ሲገባ የዳንግላ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ሞራ ጠፋ። በበርሜል ያስቀመጥነውን የመጨረሻውን ሞራ አወጣን፤ ከታች ውኃና አተላ የበዛበት ነበር። እኔ እንደነበረ መዘንኩት። ሚዛኑ ልክ ነው ስላለ ልክ መሰለኝ። ሳሙናው ተማሰለ፣ ተቆረጠ፣ ደረቀ። ከጾሙ በፊት ከተሠራው ጋር አንድ ላይ በሣጥን ተሞላ። የሚሄደው ከኮሶበር ወዲያ ግምጃ ቤት ለምትባል ከተማ ክሊኒክ ነበር፤ ለወላዶችና ለሕፃናት።

እናም በዚያ ዓርብ ጓድ አስማረ «እማማ ውዴ፣ ቶሎ ይቅመሱልንና ይጫን» አለ።

«ምላሴ ጾመኛ ነው።»

«ጾምና ሥራ አይገናኙም፣ እማማ። እኛ በሳይንስ የምንመራ ሰዎች ነን።»

«እንግዲያው ሳይንሱን አንተ ቅመሰዋ!»

ባንቻየሁ ማማሰያዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ጓድ አስማረ ሰዓቱን አየ። «እኔ ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» አለ።

«ጓድ፣ የእርስዎ ጨጓራ ሁዳዴን ጠብቆ ነው እንዴ የሚነሣው?» አለች ባንቻየሁ።

«አንቺ ቅመሺያ፣ ምላስሽ እንዲህ ከረዘመ!»

«ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። ገድፋ አገባች ልባል?»

ጓድ አስማረ ወደ እኔ ዞረ። «ሂሩት ትቅመስ። የተማረች ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያስቸግራትም።»

ሦስቱም አዩኝ።

እዚህ ላይ እኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። አባቴ ከወለጋ የመጣ አናጺ ነው፤ እናቴ የዚሁ የዳንግላ አገር አገው ናት። ቤተ ሰባችን ጴንጤ ነበር። የምንሰበሰብባት ትንሽ ጸሎት ቤት ከታሸገች ሁለት ዓመት አልፏታል። አባቴ ሁለት ወር ታስሮ የወጣው እሱም ሆነ ቤተ ሰቡ ዳግመኛ ወደዚያ እምነት እንዳይሄዱ ፈርሞ ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻ አላነሣም፤ ቤቱ የሚኖረው በእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ምሳዬን ስትቋጥርልኝ «ሲጾሙ ሽሮ፣ ሲፈስኩም ሽሮ፤ ከሰው አትለዪ» ትለኝ ነበር።

ዓርብ፣ በሁዳዴ፣ ሰው ፊት ሞራ ከቀመስኩ ምን እንደሆንኩ ጥያቄ የለውም። ወሬው ማታውኑ ቀበሌ ይደርሳል። በነጋታው የሚወሰደው አባቴ ነው። ጾመኛ ነኝ ብዬ መዋሸት ደግሞ አልሆነልኝም፤ ካስመሰልኩ ግን ቀበሌ ቢጠይቀኝ ከንፈሬን አላስነካሁም ማለት እችላለሁ።

ከአንደኛው ሣጥን አንድ ሳሙና አነሣሁ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ቆጡ ዞርኩ። ሳሙናውን ወደ አፌ አስጠጋሁት፤ ከንፈሬን አላስነካሁትም። እስከ አምስት ቆጠርኩና ዞር አልኩ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ባንቻየሁ «ውይ፣ ይቅር ይበልሽ» አለች። ጓድ አስማረ ወረቀቱን አቀረበልኝ። «ተፈትሿል» ከሚለው ቃል ሥር ፈረምኩ። እማማ ውዴ አፌን አየት አድርገው ከበሩ ዞር አሉ፣ መንገድ ለቀቁ። መኪናው ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ እጄን የታጠብኩት ከሽቦው ሥር በተራረፈ ቁራጭ ነበር። ከመጨረሻው ሞራ የተሠራው መሆኑን ያወቅሁት ጣቶቼ መሐል ሲለበልበኝ ነው። ቁራጩን አገላበጥኩት። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቶበታል፣ ጠርዙ ላብ ይዟል። ከጓሮ ሄጄ፣ ማንም እንደሌለ አይቼ፣ ምላሴን አስነካሁት።

ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምላሴን የያዘው ሕመም ለደቂቃ ያህል አለቀቀኝም። ለትልቅ ሰው ቆዳ ይህን ያህል ከሆነ ለሦስት ቀን ሕፃን ምን ይሆናል?

ስመለስ እማማ ውዴ ብቻቸውን ቆጡን ይጠርጋሉ።

«እማማ፣ ጠዋት አልቀመስኩትም።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«እንዴት?»

«ሳሙና የቀመሰ ሰው ይተፋል። አንቺ አልተፋሽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ደህና ይሆናል ብዬ። ያንቺም ነገር ጨነቀኝ።» መጥረጊያውን አቆሙ። «ልጄ፣ ከጥምቀት ጀምሮ አብረን ነን። አንድ ቀን በማርያም ብለሽ ስትምይ ሰምቼሽ አላውቅም። የዚህ አገር ልጅ፣ ሶዳ እጇ ላይ ሲፈናጠርባት እንኳ ማርያምን ካልጠራች ሌላ ምን ትሆናለች?»

ቁራጩን ሰጠኋቸው። አልቀመሱትም፤ ወደ ብርሃን አውጥተው ላቡን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ነገ ጠዋት ለወላዶች ይታደላል ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ተነሺ።»

ክሊኒኩ ስልክ አልነበረውም። ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚጽፈው ጓድ አስማረ ነው። ወደ ጓድ አስማረ ቢሮ ተከተልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ወስኜ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አልወሰንኩም ነበር። እማማ ውዴ ገና ከበሩ ሲገቡ ጀመሩ።

«አስማረ፣ ሳሙናው ይናደፋል። መቅመስ የእኔ ሥራ ነበር። ምላሴን የሰሰትሁ እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ በእኔ ጻፈው።»

«ሂሩት ቀመሰችው እኮ! ፈርማለች!»

«የእሷን ምላስ ማን አሠለጠነው? ገና ልጅ ናት። ወረቀቱን ጻፍልን።»

«እማማ፣ ይህ እኮ ተጠያቂነት የሚያስከትል ጉዳይ ነው።»

«እሺ፣ ያስከትል። ስንጠየቅ ግን ያንተን ጨጓራ ነገርም አብረን እንናገራለን። እናትህን አውቃታለሁ፤ በሁዳዴ ያላስጾመችው ልጅ የላትም።»

ጓድ አስማረ ጆሮው ድረስ ቀላ። መሳቢያውን ከፍቶ የይለፉን ወረቀት ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ። ስንወጣ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ «እህል የጫነ መኪና ከገበያው ጀርባ ቆሟል፤ ሾፌሩን አስማረ ነው የላከን በሉት» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም።

በእህሉ መኪና ኮሶበር ገባን። በዚያ ብርድ ከእማማ ውዴ የእኅት ልጅ ቤት አደርን። ጠዋት ወደ ግምጃ ቤት የሚሄድ ጋሪ አገኘን። የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በሰውና በፈረስ ተሞልቶ ፈረሳችን መሮጥ አልቻለም። እማማ ውዴ ባለ ጋሪውን «አባቴ፣ ለሕፃን ነው» ይሉታል። እሱም «ለሕፃን ከሆነ ሰዎቹን እርስዎ ያሳልፉልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው ወርደው ከፊት እየቀደሙ፣ በአገውኛም በአማርኛም እየጮሁ መንገድ ያስለቅቁ ጀመር። ለእኔ ሲሉ ጥፋት የተሸከሙ ሴት ከፈረስ ፊት ሲሮጡ እያየሁ ጋሪው ላይ መቀመጥ ከበደኝ። ወርጄ አብሬያቸው ሮጥኩ።

ክሊኒኩ ግቢ ስንደርስ እናቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። በረንዳው ላይ ነርሷ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። ከፊቷ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ፣ በአንድ ክንዷ ሕፃን፣ በሌላው እጇ የእኛ ሳሙና።

«ቆዪ! በእናትሽ ቆዪ!» አሉ እማማ ውዴ።

ነርሷ ቀና አለች። ተናግረን ስንጨርስ ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ፣ ወረቀቱን ከውስጥ አመጣች።

«ተፈትሿል ይላል። ይህ ፊርማ የማን ነው?»

እማማ ውዴ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «የእኔ ነው» አልኩ። «ሳልፈትሽ ነው የፈረምኩት።»

ነርሷ ወረቀቱን አጠፈች። «ሁሉንም መልሳችሁ እንዳትወስዱብኝ» አለች። «ሳሙና ካየሁ ሁለት ወሬ ነው። በምን ላዋልድ? ደህናውን ከመጥፎው ለዩልኝ።»

ሳሙናዎቹ በመንገድ ተፋትገው በሌሊቱም ብርድ ሁሉም ላብ ስለያዙ በዓይን አይለዩም፤ መለያው አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ሣጥን የሚሞላው ከአንድ ድስት ስለሆነ ከየሣጥኑ አንድ መቅመስ ይበቃል፤ ሣጥኖቹን በረንዳው ላይ ደረደርናቸው። እማማ ውዴ ወደ ኋላ ብለው ቆሙ፤ እኔም አንዲት ቃል አልጠየቅኋቸውም። ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ቀመስኩ፣ ተፋሁ። ደህና ነበር። ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ነደፈኝ። ተጉመጠመጥኩ። አራተኛውም ነደፈኝ።

ከኋላዬ ሹክሹክታ ተነሣ። «በሁዳዴ ሞራ? ይቺ ምንድን ናት?» «ምን ትሆናለች፣ ጴንጤ ናታ!»

በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ወደ በረንዳው መጣ። «አንቺ፣ ከየት ነሽ?»

«ከዳንግላ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ማውጣት አልቻልኩም። አምስተኛውን አንሥቼ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ምንም አልተሰማኝም። ደግሜ ሞከርኩ። ምላሴ ደንዝዞ ነበር፤ ደህና ይሁን መጥፎ ይሁን መለየት አቃተኝ። አሥራ ሁለት ሣጥን ነው፣ ገና ስምንት ይቀራል። ሳሙናውን ይዤ ተንበርክኬ ቀረሁ።

እማማ ውዴ ከጎኔ ቁጢጥ ሲሉ የነጠላቸው ጠርዝ እጄን ነካኝ። ሳሙናውን ከእጄ ወሰዱት። አማተቡ። ምላሳቸውን አስነኩትና ወደ ጎን ተፉ።

«ይሄ ደህና ነው» አሉ። ስድስተኛውን አነሡ፣ ቀመሱ፣ ተፉ። «ይሄ መጥፎ ነው፤ ወዲያ በይው።» ከዚያ ወደ ጠባቂው ቀና አሉ። «ምነው ዝም አልክ? እኔንም የማን ልጅ ነሽ በለኝ እንጂ።»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ በጾም…»

«ይቺ ምንድን ናት ነው የምትሉት? ሳሙና ፈታሽ ናት። እኔም ሳሙና ፈታሽ ነኝ። የቀረውን እግዜርና እኔ እንነጋገራለን። ውኃ አቀብለኝ፣ ዝም ብለህ ከምትቆም!»

ሰውዬው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ውኃ አመጣ።

ምላሴ እስኪመለስ እሳቸው፣ የእሳቸው ሲደነዝዝ እኔ፣ እየተቀባበልን ጨረስነው። ነርሷ ሎሚ ሰጠችን። ስምንቱ ደህና፣ አራቱ መጥፎ ሆኑ። ሕፃኑ በመጨረሻ ሲታጠብ አየነው። እየጮኸ ታጠበ፣ ታጥቦም ተኛ። እናቱ በአገውኛ አንድ ነገር አለችኝ። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ገባኝ፤ እጅሽ ይባረክ ነው ያለችው። ወደ እማማ ውዴ ጠቆምኳት።

መጥፎዎቹን አራት ሣጥኖች ይዘን ተመለስን። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቅፍቀን፣ ውኃና የኑግ ዘይት ጨምረን እሳት ላይ አፈላናቸውና የልብስ ሳሙና ሆኑ። አባቴን የጠየቀ ሰው የለም። ጠባቂው ለማን ምን እንዳለ ወይም እንዳላለ አላውቅም። ባንቻየሁ ሰኞ ጠዋት ገና ስገባ «በቃ፣ በጾሙ አንቺ፣ በፍስኩ እማማ» አለችኝ። ጓድ አስማረም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የሥራ ክፍፍላችን እንዲያ ሆኖ ዓመታት ቆየ፤ በሳሙና ቤቱ ውስጥ ጴንጤ የሚለውን ስም ማንም በክፉ አንሥቶብኝ አያውቅም።

እማማ ውዴ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡም። እስከ ፋሲካ ድረስ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር አልበሉም፤ ሳይቀምሱ እስከ ማታ ይቆዩ ነበር። እኔም አጠገባቸው ምሳዬን መብላት ስላልቻልኩ አብሬ ቆየሁ። የጾምኩ አልነበርኩም፤ ብቻ አልበላሁም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ሳሙና ከሱቅ ስትገዙ ወረቀቱን ልጣችሁ ወደ ውኃ ታስገባላችሁ፤ ማን እንደፈተሸው አታስቡም። ማሰብም የለባችሁም፤ ፈታሹ ሥራውን ከሠራ የሚያሳስባችሁ ነገር የለም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ፈርሜ አላውቅም። የኖርኩት ሌላ በምትሉት እምነት ነው፣ ዛሬም በዚያው ነኝ። ነገር ግን የሰው ጾም ሲቃለል ስሰማ ዝም አልልም። ጾም ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት የራሳቸውን ጾም አሳልፈው ከሰጡልኝ ሴት ነው። ምስጋናዬን በወጉ ሳልነግራቸው ሞቱ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳንግላ ስንገባ ከኮሶበር ያሳፈረን መኪና ዋናው መንገድ ላይ አወረደን። ሣጥኖቹን ጋሪ ላይ ጫንን። የእማማ ውዴ ቤት በስተግራ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አዞሩ።

«ቤትዎ በዚህ አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«ነው» አሉ። «መጀመሪያ የነፍስ አባቴ ዘንድ ደርሼ።»

አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ገና አልተመለሰም ነበር። እሳቸው የተረፈችውን ግማሽ ሎሚ እጄ ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው አራገፉት፣ መስቀለኛ አጣፉት፣ ሄዱ።